የሥነ ጽሑፍ ትንተናና ድርሰት አጻጻፍ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ መምህራንን በማሠልጠን የቆየ ስም አለው። እንደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ጀሞ ባሉ የዳርቻ ሰፈሮችም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የልብ ወለድን አላባውያን (ታሪኩ የሚዋቀርባቸውን ክፍሎች) በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ይማራል፦ ትልም (የድርጊቶቹ ትስስር)፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት (ጊዜና ቦታ)፣ ግጭት፣ ጭብጥ፣ የትረካ አንጻር (ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚነገር)። ችግሩም እዚሁ ይጀምራል። ብዙው ተማሪ ስሞቹን በቃሉ ይይዝና ድርሰቱን እንደ ቅጽ በየተራ ይሞላዋል። ትንተና ግን መቼቱ ገጸ ባሕርዩን ምን እንዳደረገው፣ አንጻሩ ምን እንደደበቀ ማሳየት ነው።

የሚተነተነው መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይነበባል። መጀመሪያ ታሪኩን ለመከተል፤ ቀጥሎ እርሳስ ይዞ፣ የሚደጋገመውን ቃልና የተራኪው ቃና የተለወጠበትን ቦታ ከነገጹ ለመመዝገብ። የመከራከሪያው ሐሳብ የሚወለደው ከዚህ ማስታወሻ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር የፍቅር ታሪክ ነው» ቢባል የሚቃወም የለም፤ ስለዚህ ድርሰት አይሸከምም። «የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ያሰናከለው የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ብቻ ሳይሆን በዛብህ የተሸከመው የወላጆቹ ስለትም ነው» ሲባል ግን ማስረጃ የሚጠይቅ አቋም አለ።

አንቀጹ ነጥቡን በሚናገር ኃይለ ቃል ይከፈታል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት መስመር ያልበለጠ ጥቅስ ይከተላል፤ ከዚያ ማብራሪያው ከጥቅሱ ይረዝማል። ጥቅሱን አስቀምጦ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ታሪኩን መልሶ መተረክ ሲሆን፣ አንቀጾች በ«ከዚያም» እና በ«በመቀጠል» መከፈታቸው ዋና ምልክቱ ነው። መድኃኒቱ አንቀጾቹን በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በክርክሩ ማሰለፍ ነው። መግቢያው መጨረሻ ላይ እንደገና ቢጻፍ ይሻላል፤ አቋሙ በጽሕፈት ላይ እያለ መለወጡ አይቀርምና።

በግጥም ላይ ምጣኔው፣ ማለትም በስንኙ ሁለት ክፍሎች ያሉት ቀለሞች (በአንድ ጊዜ የሚነገሩ የድምፅ ክፍሎች) ይቈጠራሉ፦ የወል ቤት የተባለው የግጥም ዓይነት ስንኝ 6 እና 6፣ ሰንጎ መገን የተባለው 5 እና 5 ቀለም ነው። የሚቈጠረው በጆሮ ነው፤ አናባቢ የሌለው ሳድስ ለብቻው ቀለም ስለማይሆን ፊደል የቈጠረ ሰው ይሳሳታል።

የሂስ መጻሕፍት ፍለጋ መሀል ከተማ ድረስ ያስኬዳል፤ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ወይም አራት ኪሎ ወዳለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። ጥያቄውን ሳይጽፉ መሄድ ቀኑን ያባክናል። ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ኅትመት ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ዘመን ቅጂዎች ስለሚዘዋወሩ የገጽ ቁጥር አይገጥምም፤ የተጠቀሙበት የኅትመት ዓመት ይጻፍ። በዋቢ ዝርዝር የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም አይገለበጥም፦ ሐዲስ ዓለማየሁ «ሐ» ሥር እንጂ «ዓ» ሥር አይገባም። በጥቅስ ውስጥም የመጽሐፉ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» እንዳሉ ይቀመጣሉ።