ንስሐ ምንድን ነው? ከጸጸትስ በምን ይለያል?

ጸጸትን የማያውቅ ሰው የለም። የተናገርነው ክፉ ቃል ሌሊት ትዝ ይለንና ስንገላበጥ እናድራለን። ገንዘቡን የበላንበትን ሰው ከሩቅ ስናይ መንገድ እንቀይራለን። ብዙዎቻችን ይህንን ስሜት ንስሐ እንለዋለን። ጸጸት ወደ ንስሐ ሊያደርስ ይችላል፤ ብቻውን ግን ንስሐ አይሆንም። እንዲያውም ሰውን ሊገድልም ይችላል።

ወንጌል ይህንን በሁለት ሰዎች ያሳየናል። ጌታ በተያዘባት ሌሊት ጴጥሮስም ይሁዳም ጌታቸውን በደሉ። አንዱ ካደው፣ አንዱ ሸጠው። ሁለቱም ተጸጸቱ። ይሁዳ ሠላሳውን ብር ለካህናት አለቆች መለሰ። "ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ" ብሎም አመነ። ልብ በሉ፤ ገንዘቡን መልሷል፣ ጥፋቱንም በአፉ ተናግሯል። ወደ በደለው ጌታ ግን አልሄደም። ጸጸቱን ይዞ ብቻውን ወጣና ታነቀ።

ጴጥሮስም ምርር ብሎ አለቀሰ። ግን ከወንድሞቹ አልተለየም። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ዳር ላይ የቆመው ጌታ መሆኑን በሰማ ጊዜ ጀልባዋ እስክትደርስ አልጠበቀም። ልብሱን ታጠቀና ባሕር ውስጥ ዘሎ ገባ። ሦስት ጊዜ የካደው ሰው ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?" ተብሎ ተጠየቀ። በየመልሱም በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ ተሰጠው። ለእኔ የንስሐ ትርጉም ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ቦታ የለም። ሁለቱን ሰዎች የለያቸው የጥፋታቸው ትንሽነትና ትልቅነት አይደለም። አንዱ ይቅርታ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ አደረገ፣ ሌላው ተስፋ ቆረጠ።

ንስሐ እንግዲህ ኃጢአትን ማወቅ፣ በእርሱ ማዘን፣ መናዘዝ፣ መተው፣ ከዚያም ይቅር ባይ አለኝ ብሎ ወደ እግዚአብሔር መመለስ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። መሠረቱም ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ለሐዋርያት "ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል" ማለቱ ነው፤ ዮሐንስ 20፥23። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመኑ ኃጢአቱን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ይናዘዛል፤ ካህን በመካከል አይቆምም። እኔ የምጽፈው ባደግሁበት ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ ሲታይ ቀላል ነው። ሰውየው ንስሐ አባቱ ዘንድ ይሄዳል። አባ መስቀላቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እሱ ይናገራል፣ እሳቸው ይሰማሉ። የሚነገረው የራስ ኃጢአት ብቻ ነው። "ባለቤቴ አናዳኝ ነው እንጂ እኔማ..." ብሎ የጀመረ ሰው ሳያውቀው ከኑዛዜ ወደ ክስ ገብቷል። ጥሩ ንስሐ አባት እዚያ ላይ ቀስ ብለው ይመልሱታል፦ "የእሷን እሷ ትንገረኝ፤ አንተ ምን አደረግህ?"

ከዚያ ቀኖና ይሰጣል። ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀኖናን የኃጢአት ዋጋ፣ የሚከፈል ቅጣት አድርጎ ያየዋል። ዋጋውማ በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ቀኖና የመድኃኒት ማዘዣ ነው፤ ለዚህም ነው ለሁሉም አንድ ዓይነት የማይሆነው። ለጎረምሳ የታዘዘ ስግደት ለነፍሰ ጡር ወይም ለልብ ሕመምተኛ አይታዘዝም። ገንዘብ ወዳድ ምጽዋት ቢታዘዝለት ከመቶ ስግደት ይልቅ ያመዋል፤ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ቀኖናው ሲፈጸም አባ በመስቀላቸው ባርከው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉታል። ከዚያ ወደ ቅዱስ ቁርባን።

ሰውን ከዚህ ሁሉ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ እፍረት ነው። "አባ ምን ይሉኛል? ነገ ቤቴ ጸበል ሊረጩ ሲመጡ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" ካህን የሰማውን ኑዛዜ ለማንም እንዳይናገር በሥርዓት የታሰረ ነው። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም እፍረቱ አይለቅም። ስለዚህ ንስሐ አባት አለን እያልን ለዝክርና ለበዓል ብቻ እንጠራቸዋለን። በልተው ጠጥተው መርቀውን ይሄዳሉ፤ እኛም አንነግራቸው፣ እነሱም አይጠይቁን። አልፎ ተርፎ ንስሐ የሽማግሌ ነገር ሆኗል። ወጣቱ "ስረጋጋ" ይላል፤ ሲረጋጋ ደግሞ "ስሸመግል" ይላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ንስሐ የሚያስፈልገው ትዳር በሚፈርስበት፣ ጉቦ በሚበላበት፣ ልጅ በሚበደልበት ዕድሜ ነውና።

የስቅለት ዕለት ግን ወጣቱም ይመጣል። ከማለዳ ሲሰግድ የዋለው ሕዝብ ማምሻውን በካህናቱ ፊት ይሰለፋል። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረጉ የስግደት ቁጥር ይነግሩታል፤ እሱም ሰግዶ ይሄዳል። ይህንን ሥርዓት እወደዋለሁ። ግን የዓመቱን ኑዛዜ በሙሉ በዚያች ማምሻ እንጨርሳለን ብለን ማሰባችን ያሳስበኛል።

አሁን የምንዘለው ከባዱ ነገር ላይ ደርሰናል። አንድ ምሳሌ ላንሣ። እህት ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። በየወሩ "ቤት ጀምርልኝ" እያለች ለወንድሟ ትልካለች። ወንድም ገንዘቡን በላው። ስትደውል "መሠረቱ ወጥቷል" ይላታል። የጎረቤት ግንብ ፎቶ አንሥቶ ይልክላታል። ዐቢይ ጾም ገባና ልቡ ተነካ እንበል። ጾመ፣ ሰገደ፣ ሱባኤ ገባ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። እህቱ ግን ዛሬም ያንን ፎቶ ለጓደኞቿ "ቤቴ ነው" እያለች ታሳያለች። ፎቶው እውነት መስሏት እስካለ ድረስ የዚህ ሰው ንስሐ ገና አልተጀመረም ባይ ነኝ።

አስተዋይ አባት የሚጠይቁት መጀመሪያ "ገንዘቡስ?" ብለው ነው። "ከየት አመጣለሁ?" ሊል ይችላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ካለችው ትንሽ ትንሽ ይከፍላል። ከሁሉ በፊት ግን ደውሎ እውነቱን ይናገራል። እሷም ልትጮህ፣ ልታለቅስ፣ ስልኩን ልትዘጋበት ትችላለች። መብቷ ነው። "ንስሐ ገብቻለሁና ይቅር በይኝ" ብሎ ማስጨነቅ ሁለተኛ በደል ነው። የእሷ ቁስል የሚሽረው በእሷ ጊዜ ነው። የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ በገባ ቀን የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። "ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል" የተባለውም ከዚህ በኋላ ነው። ጌታ በተራራው ስብከቱም መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። ሻማና ጧፍ ከመግዛታችን በፊት የሰው ገንዘብ ብንመልስ እንዴት መልካም ነበር።

የዚህ ተቃራኒ ችግር ያለባቸውም አሉ። ተናዘዋል፣ ክሰዋል፣ "ይፍታህ" ተብለዋል። ግን አያምኑትም። ያንኑ የድሮ ኃጢአት በየዓመቱ ይናዘዛሉ። ጽንስ ያስወረደች እናት፣ ከአባቱ ሳይታረቅ የቀበረ ልጅ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለእነሱ ዳዊትን አስታውሳለሁ። የሰው ሚስት ወሰደ፣ ባሏን ኦርዮንን አስገደለ። ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት ሲነግረው "እግዚአብሔርን በድያለሁ" አለ። ወዲያው የሰማው መልስ "እግዚአብሔር ደግሞ ኃጢአትህን አርቆልሃል" የሚል ነበር። የኃጢአቱ መዘዝ ቤቱን እስከ መጨረሻው አልተወውም፤ ልጆቹ ተጋደሉ። ይቅርታ ግን አግኝቷል። ዳዊት በዚህ ጊዜ ጸለየው የሚባለው መዝሙር 50፣ በሌላው አቆጣጠር 51፣ "ማረኝ" ብሎ ይጀምርና "የማዳንህን ደስታ ስጠኝ" ይላል። ኃጢአቱን በሚያለቅስበት መዝሙር ውስጥ ደስታን ለመለመን አላፈረም።

ደግሞ የሚወድቅስ? መጠጥ ትቶ የተመለሰ፣ ምላሱን ጠብቆ በሳምንቱ የተሳደበ? ጌታ ጴጥሮስን ወንድምህን እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል ካለው፣ ራሱ ከዚያ ባነሰ አይቆጥርም። የአራተኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ሙሴ ጸሊም ሽፍታ ነበር፤ ወደ ግብፅ በረሃ ገብቶ ከመነኰሰ በኋላም ከቀድሞ ምኞቱ ጋር ለብዙ ዘመን ታግሏል። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። አንድ ጊዜ የበደለ ወንድም ላይ እንዲፈርድ ሲጠራ የሚያፈስስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ ሄደ፤ "ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔም አላየውም፤ በሌላው ልፈርድ መጣሁ" አለ። ጉባኤው ወንድሙን ማረው።

ንስሐ አባት የሌለው ሰው አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቢጠይቅ ያገናኙታል። ዝነኛ ሰባኪ መፈለግ አያስፈልግም፤ በቅርብ የሚገኙ፣ የሚሰሙ አባት ይበቃሉ። የሚለው ከጠፋው "አባ፣ ከየት እንደምጀምር አላውቅም" ይበላቸው። ጠይቀው ያስጀምሩታል።