ዩሬቴን ምንድን ነው? የፊት መስታወት በሲሊኮን ለምትለጥፉ

ከጥምቀት በኋላ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ዳር ቁርስ እየበላሁ፣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ጓደኛውን ይመክራል። «ብርህን ለምን ትበትናለህ? አንድ ማስቲሽ ግዛና መስታወቱን ራስህ ለጥፈው። የእኔ ይኸው ሁለት ክረምት አለፈው፣ አንዲት ጠብታ አላስገባም።» ማስቲሽ የሚለው ሲሊኮን ነው። የመኪና መስታወት መቀየር ሥራዬ ነውና ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ዝም አልኩ፤ ሰው ቁርስ ላይ አይጨቃጨቅም። ይህን ምክር ግን ስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ካቆምኩ ቆይቷል።

ዩሬቴን ማለት በአሁኖቹ የቤት መኪኖች ላይ የፊት መስታወቱን ከላሜራው ጋር የሚይዘው ጥቁር ማጣበቂያ ነው። ሲደርቅ ጠንካራ ጎማ ይመስላል። ሙሉ ስሙ ፖሊዩረቴን ነው። የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር እንደሆነና መሀሉ ስስ ፕላስቲክ እንዳለው ታውቃላችሁ፤ እሱን አልፈዋለሁ።

ጣጣው ከስሙ ይጀምራል። የጫማ ሠሪው ማጣበቂያ ማስቲሽ ነው። የአሉሚኒየም መስኮት ሠሪው ሲሊኮንም ማስቲሽ ነው። ዩሬቴንም ማስቲሽ ነው። ሱቅ ገብታችሁ «የመስታወት ማስቲሽ» ካላችሁ ባለሱቁ መደርደሪያው ላይ ያለውን ያወርድላችኋል። አይፈረድበትም። ሲሊኮኑም ዩሬቴኑም በሚመሳሰል ቱቦ ይመጣሉ፣ በአንድ ዓይነት መግፊያ ይወጣሉ። መልካቸው አንድ፣ ሥራቸው ሌላ።

አሁን ወደዚያች «ጠብታ አላስገባም» ወደምትለው ነገር። ወንድሜ፣ ውሃ አለማስገባት እኮ ትንሹ ሥራው ነው። ሲሊኮን ውሃ ይከለክላል፤ ማን ካደ? የዓሣ ገንዳ የሚሠራው በሱ ነው። ጥያቄው ውሃው ገባ ወይ አይደለም። ጥያቄው መስታወቱ ተይዟል ወይ ነው።

ጎንደር ላይ ቆሞ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፋሲልን ግንብ እዩት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዘው ኖራ ነው። ያንኑ ድንጋይ በጭቃ ብቻ ደርድሮ ክፍተቱን መድፈን ይቻል ነበር። ነፋስ አይገባም፣ ለጊዜው ዝናብም አይገባም። ግን እንዲያ ያለ ከፍታ በጭቃ አይቆምም። ኖራው ቀዳዳ መድፈኛ አይደለም፤ ድንጋዩን ግድግዳ የሚያደርገው እሱ ነው። ዩሬቴንም እንደዚሁ። መስታወቱ መኪናው ላይ የተለጠፈ መስኮት ሳይሆን የመኪናው አካል የሚሆነው በዩሬቴኑ ነው። መኪና ሲገለበጥ ጣሪያውን ከሚደግፉት ነገሮች አንዱ የፊት መስታወቱ ነው። ምን ያህል ይደግፋል የሚለው እንደ መኪናው ይለያያል፤ መቶኛ ለሚጠሩላችሁ ሰዎች ቶሎ ራሳችሁን አትነቅንቁ።

ከዚያ ደግሞ ኤርባጉ፣ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚቀበለው ከረጢት፣ አለ። በብዙ መኪኖች የተሳፋሪው ኤርባግ ዳሽቦርዱ ላይ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። መስታወቱን መትቶ፣ እሱን ተደግፎ ነው ወደ ሰውየው የሚዞረው። ይህ ሁሉ ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ያልቃል። መስታወቱ በሲሊኮን ከተያዘ ኤርባጉ መስታወቱን ገፍቶ ይዞት ሊወጣ ይችላል። እዚያ ወንበር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትቀመጠው ሚስት ናት፣ ወይም እናት። አሜሪካ ውስጥ መኪናን በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ከግድግዳ ጋር አላትመው የፊት መስታወቱ ከቦታው አለመላቀቁን የሚለኩበት ደንብ አለ። በጆግ ውሃ እያፈሰሱ አይደለም የሚፈትኑት።

«እሺ፣ እንግዲያው ከሲሊኮን የሚጠነክር ኢፖክሲ ላድርግበት» የሚል አይጠፋም። ኢፖክሲ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን ሙጫ ነው። ወደ ግንቡ ልመለስ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግንቦቹ ሲጠገኑ ሲሚንቶ ገባባቸው። ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል። ለአሮጌ ግንብ ግን የሚስማማው እሱ አልነበረም፤ በኋላ በተደረገው ጥገና እያነሱ ወደ ኖራው ተመለሱ። መጠንከር ብቻውን ሙያ አይደለም። መኪና ደግሞ ከግንብ ይብሳል፣ ምክንያቱም ይንቀሳቀሳል። ከደባርቅ ሊማሊሞን ስትወርዱ ቦዲው እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው፤ ዓይናችሁ አያየውም እንጂ። ዩሬቴን ይዞ ይለጠጣል። ኢፖክሲ አይለጠጥም፤ መስታወቱን ይሰነጥቅላችኋል።

ሲሊኮን ሌላም ተንኮል አለው። ርካሹን ስትከፍቱት አቼቶ አቼቶ ይሸታል አይደል? እውነትም የአቼቶ አሲድ ነው የሚያወጣው። ቀለሙ የተላጠ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ዝገት ይጋብዛል። ዝገቱ ደግሞ ከሥሩ ስለሆነ አይታይም። ያ ሁለት ክረምት ጠብታ ያላስገባ መስታወት ሥር ምን እንዳለ ሰውየው በምን ያውቃል? ካነሳችሁት በኋላ እንኳ የሲሊኮን ቅሪት ላይ ዩሬቴን አይዝም። እስከ መጨረሻው ተፍቆ መጽዳት አለበት። እኔን የሚያስከፍለኝ እሱ ነው፣ እናንተንም እንዲሁ።

ታዲያ መስታወት ራሳችን መቀየር አንችልም ማለት ነው? እንደ መኪናው ነው።

መስታወቱ በጎሚኒ፣ ማለትም ዙሪያውን በጎማ ጠርዝ የተያዘ ከሆነ ሞክሩ። ባጃጅ፣ ላዳ፣ ላንድክሩዘር 70 እንዲህ ናቸው። ጎሚኒውን መስታወቱ ላይ ታለብሳላችሁ። የውጭው ቦይ ውስጥ ቀጭን ገመድ ዙሪያውን ትቀብራላችሁ፣ የሳሙና ውሃ ትቀባላችሁ። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ይጫናል፣ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ቀስ እያለ ይስባል። የጎማው ከንፈር እየተገለበጠ ላሜራውን ይነክሳል። ሁለት ሰውና ትዕግሥት ይበቃል። የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ ጎሚኒ ግን መልሳችሁ አታስገቡ። እዚህ ላይ መስታወቱን የሚይዘው ማጣበቂያ ሳይሆን ጎማው ስለሆነ ስህተታችሁ ቢበዛ ያረጥባችኋል።

ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ዛሬ ከተማው ላይ የሚታየው አብዛኛው የቤት መኪና በዩሬቴን ነው። እዚህ ላይ ባትሞክሩት እመርጣለሁ። እንጀራዬ ስለሆነ አይደለም። (ትንሽ ስለሆነም ነው።) ዋናው ግን ስህተቱ አይታይም። የድሮው ዩሬቴን ሙሉ በሙሉ አይፋቅም፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይቀራል፣ አዲሱ የሚይዘው እሱን ነው። ሰው ግን ያጸዳ እየመሰለው እስከ ቀለሙ ይፍቀዋል። ላሜራው ከተጫረ ፕራይመር፣ ማለትም ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባ ሥር ቀለም፣ ይፈልጋል። አዲሱ መስታወት ጠርዙ በጣት ከተነካ፣ የእጅ ወዙ ብቻ መያዣውን ያዳክመዋል። ዩሬቴኑ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ፣ ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት። አንድ ቦታ ከቀጠነ አልቀጠነም የምታውቁት በግጭት ቀን ነው።

ቱቦው ላይ ያለውን ቀን ማየትም አለ። ዩሬቴን ሱቅ ውስጥ ያረጃል፤ ቀኑ ያለፈበትን በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። አዲስ ሞዴል መኪና ከሆነ ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ መንገድ የምታይ ካሜራ ልትኖር ትችላለች። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ይህ ተለምዷል። መስታወቱ ሲቀየር ካሜራዋ በኮምፒውተር መስተካከል አለባት።

ጠጠር መትቶት ከሳንቲም ያነሰች ጉዳት ብቻ ያላት መስታወት ካላችሁ ግን ስለ መቀየር ለምን ታወራላችሁ? ንጹሕ ፕላስተር ለጥፉባት፣ አቧራና ውሃ እንዳይገባት፤ ቶሎ ለዚሁ በተሠራ ሙጫ ትሞላለች።

የማድረቁ ነገር ብቻ ቀረ። እዚህ ላይ የግንቡ ምሳሌ ትንሽ ያነክሳል። ኖራም ዩሬቴንም ከአየር ወስደው ነው የሚጠነክሩት። ግን ኖራ የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ዩሬቴን እርጥበት። ስለዚህ «በፀሐይ አቁመው፣ ቶሎ ይደርቃል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሙቀቱ ይረዳል፣ ደረቁ አየር ያዘገያል። ለመንዳት የሚያስፈልገው ጊዜ እንደ ምርቱና እንደ አየሩ ከአንድ ሰዓት እስከ 24 ሰዓት ይሄዳል፤ ቱቦው ላይ ተጽፏል። እስከዚያ አንዱን መስኮት ትንሽ ዝቅ አድርጉ። በር በኃይል ሲዘጋ የውስጡ አየር ያልያዘውን መስታወት ይገፋዋል።

ከዚያ ቁርስ ማግስት አንድ ቪትዝ መጣችልኝ። የፊት መስታወቷ አንድ ጥግ ላይ ያፏጫል ነው የተባልኩት። ከውስጥ ሆኜ በሁለት መዳፌ ገፋሁት። ዩሬቴን ያለ ሽቦና ያለ ቢላዋ አይቆረጥም፤ ይሄ ግን እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላቀቀ። ሲሊኮን ነው። ሥሩ ያለው ላሜራ ቡናማ ሆኗል። ባለቤቱ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቤተሰቡን ጭኖ መተማ ደርሶ መመለሱ ነበር። ዝገቱን ፍቀን፣ ፕራይመር ቀብተን፣ በዩሬቴን መልሰን አስቀመጥነው። ከሰዓት አለፍ ብሏል። ቁልፉን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«ነገ ጠዋት ውሰዳት» አልኩት።

«ለምን? ዝናብ እኮ የለም!»

«እሱ ነው ችግሩ።»