ስታክ የሚያደርግ ኮምፒውተር ሁሉ ፎርማት አይፈልግም

ኮምፒውተር ድንገት ስታክ ባደረገ ቁጥር «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ማለት መቆም አለበት። ፎርማት በተደረገ በሳምንቱ ያው ችግር ከተመለሰ፣ ወይም ዊንዶውስ እየተጫነ መሃል ላይ ፋይል ተበላሽቷል ብሎ ካቆመ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የራሙ ሴቲንግ ነው።

«ራሙ ላይ 3600 ተብሎ ተጽፏል፤ ታዲያ በ3600 ቢሠራ ምን ችግር አለው?» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ ቁጥር የኤክስኤምፒ፣ ማለትም ባዮስ ውስጥ የሚበራው የራም ማፍጠኛ ሴቲንግ ፍጥነት ነው፤ ኤክስኤምፒ ደግሞ ኦቨርክሎክ (ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማሠራት) ነው። ዲዲአር4 የተባለው የራም ዓይነት መደበኛ ቮልቴጁ 1.2 ሲሆን ኤክስኤምፒ ሲበራ አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ይሆናል። የራሙ አምራች የፈተሸው ራሙን ነው፤ በእርስዎ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለውን፣ ራሙን የሚያሠራውን ሜሞሪ ኮንትሮለር አያውቀውም። ለምሳሌ ራይዘን 5 3600 የተባለው ፕሮሰሰር (እዚህ 3600 የሞዴሉ ስም እንጂ ፍጥነት አይደለም) በይፋ የሚደግፈው የራም ፍጥነት እስከ 3200 ብቻ ነው። ራም ሲበዛ ደግሞ ጣሪያው ይወርዳል፦ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በሁለት ዲዲአር5 ራም እስከ 5200፣ በአራት ግን እስከ 3600 ነው የሚደግፉት።

ስለዚህ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ገብተው ኤክስኤምፒውን ያጥፉና ሁለት ሦስት ቀን እንደወትሮው ይጠቀሙ። ስታክ ማድረጉን ከተወ ራሙን አይጣሉት። ባዮሱን አፕዴት ያድርጉ፣ ኤክስኤምፒውን መልሰው ያብሩ፣ ቮልቴጁን ሳይነኩ ፍጥነቱን ብቻ ከ3600 ወደ 3466፣ ካልሆነም ወደ 3200 ያውርዱ። ኤክስኤምፒ ጠፍቶም ከቀጠለ ራሞቹን አንድ በአንድ፣ እዚያው ስሎት ላይ እየሰኩ ይፈትሹ።

«የዊንዶውስ የራም ቴስት አልፏል።» አይበቃም። ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነስተው አራቱንም ዙር ያስጨርሱ፤ ሰዓታት ይፈጃል። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ሴቲንጉ አልተረጋጋም ማለት ነው።

«ራም ቢሆን ሰማያዊ ስክሪን ይመጣ ነበር።» የግድ አይደለም።

«ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ከርነል ፓወር 41 ይላል፤ ፓወር ሰፕላይ ይቀየር።» ያ መልእክት የሚናገረው ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ መነሳቱን ብቻ ነው። ስታክ ሲያደርግ በተኑን ተጭነው ካጠፉትም ይመዘገባል።

ፎርማቱ ላይ የምጨክነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ያልተረጋጋ ራም ወደ ዲስክ የሚጻፈውን ፋይል ጭምር ያበላሻል፤ በዚያ ሁኔታ የተጫነ ዊንዶውስ ገና ከጅምሩ ጉድለት ይዞ ሊነሳ ይችላል፣ ባክአፕ የተደረገ ፎቶም ተበላሽቶ ሊገለበጥ ይችላል። መጀመሪያ ሜምቴስቱ ያለ ስህተት ይለፍ፤ ፎርማት የግድ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ነው።