ሴሌክቲቭ ሚዩቲዝም፣ አሌክሲታይሚያና ኦቲዝም ምንና ምን ናቸው?

«ልጄ ቤት ውስጥ አፉ አያርፍም፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ቃል አይተነፍስም» ላለች እናት፣ አንድ አስተያየት ሰጪ «ኦቲዝም ነው፤ እነሱ እኮ ስሜት ስለሌላቸው ነው የማያወሩት» ብሎ ሲመልስላት አየሁ። ይህን መልስ በተለያየ መልኩ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከልጆች ጋር ለሚሠራ ባለሙያ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ እናቲቱ ይህን ይዛ ቤቷ ትገባለችና።

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚኖር የአንጎል እድገት ልዩነት ነው፤ ከሰው ጋር በመግባባትና ዓለምን በማስተዋል ላይ ይታያል። ሴሌክቲቭ ሚዩቲዝም የጭንቀት ሕመም ነው፤ ልጁ መናገር ይችላል፣ ከለመዳቸው ሰዎች ጋር ይናገራልም፣ በሌላ ቦታ ግን ድምፁ አይወጣም። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1877 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲገልጸው ልጁ በፈቃዱ ዝም እንዳለ አድርጎ ነበር። ይህ አመለካከት ለረጅም ጊዜ ዘለቀ፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ከጭንቀት ሕመሞች ጋር የመደበው በ2013 ነው። አሌክሲታይሚያ ደግሞ በመመሪያው ውስጥ በሽታ ተብሎ እንኳ አልተመዘገበም። የራስን ስሜት ለይቶ ለማወቅና ለመግለጽ መቸገር ነው፤ ስሙን ያወጡለት በቦስተን ይሠሩ የነበሩት ትውልደ ግሪኩ ሐኪም ፒተር ሲፍኔዎስ ናቸው።

ስሜት ማጣትና ስሜትን አለመለየት ለየቅል ናቸው። ምጣድ ተጥዶ ሳለ ካውያ ሲሰካ ቆጣሪው የሚጥልበትን ቤት አስቡ። ቤቱ ይጨልማል። ከውጭ ያየ ሰው «እዚህ ቤት መብራት አልገባም» ቢል ስቷል፤ የጨለመው ጭነት ስለበዛበት ነው። ሴሌክቲቭ ሚዩቲዝም ያለበት ልጅ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ የሚሆነው ይህ ነው፤ ፍርሃቱ ከልክ ያልፍና ድምፁ ይቋረጣል። ማንም ሆን ብሎ አላጠፋውም። «ዲዳ ነህ እንዴ? ተናገር እንጂ!» ማለት ምጣዱን ሳይነቅሉ ቆጣሪውን ደጋግሞ እንደ ማንሳት ነው፤ መልሶ ይጥላል። ስለዚህ ሕክምናው ጭነቱን ቀንሶ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል፤ መጀመሪያ ልጁ ከእናቱ ጋር ብቻውን ያወራል፣ ቀጥሎ መምህሯ በሩ ላይ ትቆማለች፣ ሲለምዳት ገብታ ትቀመጣለች።

አሌክሲታይሚያ ያለበት ቤት ቆጣሪው ይቆጥራል፤ ቁጥሩ የሚነበብበት መስኮት ግን ደብዝዟል። ቤተሰቡ ጭነቱ እንደበዛ የሚያውቀው ከጣለ በኋላ ነው። ኦቲዝም ደግሞ የመብራቱ መስመር ከመጀመሪያው የተዘረጋበት መንገድ ነው፤ ሌላው ቤት ከቁም ነገር የማይቆጥረው የደወል ጩኸት ወይም የአምፖል ብልጭታ እዚህ ሊከብድ ይችላል። ሦስቱ በአንድ ቤት ሊገናኙ ይችላሉ፤ ቢገናኙም ግን አንዱ የሌላው ሌላ ስም አይደለም።

ከሦስቱ መካከል በደንብ የተጠናው የኦቲዝምና የአሌክሲታይሚያ ግንኙነት ነው። በ2019 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ከኦቲስቲክ ሰዎች ግማሽ ያህሉ፣ ከሌላው ሰው ደግሞ 5 በመቶ ገደማው አሌክሲታይሚያ እንዳለበት አሳይቷል። እንግዲህ የቀሩት ኦቲስቲክ ሰዎች አሌክሲታይሚያ የለባቸውም ማለት ነው! ተመራማሪው ጄፍሪ በርድና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት የአንጎል ምስል ጥናት፣ የሌላ ሰው ሕመም ሲታይ የአንጎሉ ምላሽ ከፍና ዝቅ ያለው እንደ አሌክሲታይሚያው መጠን ነበር፤ ኦቲዝም መኖር አለመኖሩ ብቻውን ለውጥ አላመጣም። «ኦቲስቲክ ሰው አይራራም» የሚሉ ይህን ቢያነቡት እወዳለሁ።

የአሌክሲታይሚያ መለኪያውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዛት የሚሠራበት የቶሮንቶ መጠይቅ 20 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ነው፤ ስሜቱን መለየት የሚቸግረውን ሰው ስለ ስሜቱ ራሱን ይጠይቀዋል። ሐኪም እንኳ የማይረዳው ነገር በሰውነቱ ይሰማው እንደሆነም ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ሐዘንን «ሆዴ ባባ»፣ ስጋትን «ልቤ ተሰቀለ» ብለን ነው የምናወራው። ስሜቱን በአካሉ የሚናገር ሰው ስሜቱን አላወቀም ማለት አይደለም፤ መጠይቁን ተርጉሞ ነጥብ የሚደምር ባለሙያ ይህን ልብ ይበል።

ሴሌክቲቭ ሚዩቲዝምና ኦቲዝምን በተመለከተ የስዊድኑ የ2018 ጥናት በየቦታው ይጠቀሳል፤ ዝምታው ከነበረባቸው 97 ልጆች 63 በመቶው ኦቲስቲክ ነበሩ። ልጆቹ የተገኙት ግን የነርቭና የአእምሮ እድገት ችግሮችን ከሚያይ ልዩ ክሊኒክ ነው፤ ቀድሞም የተጠረጠሩ ናቸው። ቁጥሩን ሰፈር ውስጥ ላለ ዝምተኛ ልጅ ሁሉ ማዋል አይቻልም። የተገላቢጦሹም ስህተት ነው፤ «ቤት ካወራማ ኦቲዝም የለበትም» ተብለው ዓመታት ያለፉባቸው አሉ፣ በተለይ «ጨዋ ናት፣ ጭምት ናት» እየተባሉ የሚመሰገኑ ሴቶች ልጆች። ኦቲስቲክ አዋቂ ሲደክመው ወይም ጩኸት ሲበዛበት ንግግር የሚጠፋበት ነገርም ሴሌክቲቭ ሚዩቲዝም አይባልም። እሱ በገዛ ቤቱም ሊመጣ ይችላል፤ ሴሌክቲቭ ሚዩቲዝም ግን የትና ከማን ጋር እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃል።

በሴሌክቲቭ ሚዩቲዝምና በአሌክሲታይሚያ መካከል ያለው ማስረጃ ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ነው። እኔ ግንኙነቱ የሚመስለኝ እንዲህ ነው፦ ፍርሃቱን ገና ሲጀምር የማይለይ ልጅ ርዳታ አይጠይቅም፣ ዞርም አይልም፤ እስኪዘጋበት ይቆያል። «ለምን አልተናገርክም?» ሲባል «አላውቅም» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ውጭ አገር ለሚያሳድጉ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። በኢየሩሳሌም ተሠርቶ በ2003 በወጣ ጥናት፣ ሴሌክቲቭ ሚዩቲዝም በጠቅላላው ከልጆቹ 0.76 በመቶ፣ ከስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ግን 2.2 በመቶ ላይ ተገኝቷል። ሆኖም አዲስ ቋንቋ የሚለምድ ሕፃን ለወራት እያዳመጠ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው። ልጁ አማርኛ ለሚችል እንግዳም ጭምር የማይመልስ ከሆነ፣ ወይም የአዲሱ አገር ቋንቋ ገብቶት እንኳ ዝምታው ካልለቀቀው፣ ያኔ ይታይ።

ለምርመራ ስትሄዱ ልጁ ቤት ውስጥ ሲጫወት የተቀረጸ ቪዲዮ ያዙ። በፍርሃት የደረቀ ልጅ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ዓይን አያይም፣ በእጁ አያመለክትም፣ ፊቱም አይለዋወጥም፤ በኦቲዝም መመርመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ነጥብ ሆኖ ይመዘገብበታል። በቪዲዮው ከቃላቱ ብዛት ይልቅ መታየት ያለበት ያገኘውን ነገር ሊያሳያችሁ ይዞ ይመጣ እንደሆነ፣ ስትስቁ ዞሮ ያያችሁ እንደሆነ፣ ጨዋታው ሲቀየር ምን እንደሚሆን ነው።