የሶፍትዌር ቡድን ለድርጅቱ ያመጣው ጥቅም እንዴት ይለካል?

የሶፍትዌር ቡድን ደመወዝ በየወሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያመጣው ጥቅም ግን እንዲህ በቀላሉ አይታይም። ሥራው ገቢ ጨመረ? ወጪ ቀነሰ? ደንበኛ እንዳይሄድ አደረገ? ልኬቱ የሚፈልገው የነዚህን መልስ ነው።

ድሮ የተለመደው የኮድ መስመር መቁጠር ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. አፕል ውስጥ ሊዛ የተባለውን ኮምፒውተር የሚሠሩ ባለሙያዎች የጻፉትን መስመር ብዛት በየሳምንቱ ቅጽ ላይ እንዲሞሉ ይጠየቁ ነበር። ከነሱ አንዱ የነበረው ቢል አትኪንሰን ያን ሰሞን ስክሪን ላይ ምስል ከሚስለው ኮድ አንዱን ክፍል እንደ አዲስ ጽፎ ፍጥነቱን ስድስት እጥፍ ገደማ አሳደገው። ኮዱም በ2,000 መስመር አጠረ። ስለዚህ ቅጹ ላይ «-2000» ብሎ ሞላ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አለቆቹ እሱን ቅጽ ሙላ ማለታቸውን ተዉ።

አሁን ብዙዎች የሚጠቀሙበት ዶራ የሚባለው ልኬት ነው። የታወቁት ጥያቄዎቹ አራት ናቸው። አዲስ ኮድ በየስንት ጊዜው ይለቀቃል? ተጽፎ ተጠቃሚው ጋ እስኪደርስ ምን ያህል ይቆያል? ከተለቀቀው ስንቱ ችግር ያመጣል? ችግሩስ ቶሎ ይስተካከላል? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ማንም የማይፈልገውን ነገርም በፍጥነትና ያለ እንከን መልቀቅ ይቻላል።

ገንዘቡን በደንብ የሚያሳየው ተጠቃሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማነጻጸር ነው። ግማሹ አሮጌውን፣ ግማሹ አዲሱን ያያል። ቢንግ በተባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ አንድ ሠራተኛ የማስታወቂያ ርዕሶች አቀራረብ እንዲቀየር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከስድስት ወር በላይ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ኢንጂነር ሥራው ቀላል መሆኑን አይቶ ሞከረው። ገቢው በ12 በመቶ ጨመረ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው።

ሁሉም ሥራ ግን እንዲህ አይመዘንም። ሲስተም እንዳይወድቅ የሚጠብቅ ቡድን ትልቁ ውጤቱ ያልደረሰ አደጋ ነው። እዚህ የሚታየው ሲስተሙ የቆመበት ሰዓት፣ የደንበኞች አቤቱታና የሰርቨር ወጪ ነው።

ልኬቱን ወደ ግለሰብ ማውረድ ደግሞ ጉዳት አለው። ከሰዓቱን ሙሉ የጓደኛዋን ኮድ ስታይና ስታርም የዋለች ኢንጂነር በስሟ የሚመዘገብ ነገር ላይኖር ይችላል። የቡድኑ ሥራ በሰዓቱ የደረሰው ግን በእሷ ነው።