የኤድንብራው ሴንት ጄምስ የገበያ ማዕከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ፣ ከፕሪንስስ ስትሪት ምሥራቃዊ ጫፍ አጠገብ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለአርባ ዓመታት ያህል አንድ ግዙፍ የኮንክሪት ሕንጻ ቆሞ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሴንት ጄምስ ሴንተር ይባል ነበር፤ ከታች ሱቆች፣ ከላይ ደግሞ የመንግሥት ቢሮዎች ነበሩበት። የከተማይቱ ነዋሪዎች ለብዙ ዓመታት ካማረሩት በኋላ በ2016 ተዘጋና ፈረሰ፤ በቦታው የተሠራው ሴንት ጄምስ ኳርተር በጁን 24 ቀን 2021 ተከፈተ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው መጥፎ ዘመን የሠራውን በጎ ዘመን እንዳረመው ተደርጎ ነው። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ማዕከሉ የተሠራው ጦርነት ባወደመው ባዶ ቦታ ላይ ነው።

በብሪታንያ የሚገኙ የዚያ ዘመን የኮንክሪት ገበያዎች ሁሉ የቦምብ ፍርስራሽ ላይ እንደ ተሠሩ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ስለ ኮቨንትሪና ስለ ፕሊመዝ ቢባል እውነትነት አለው። ኤድንብራ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ እነዚያ ከተሞች አልተደበደበችም፤ የሴንት ጄምስን አደባባይ ያፈረሰው በሰላም ጊዜ፣ በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ የተላለፈ ውሳኔ ነው።

የፈረሰው ምን ነበር? በ1773 በጄምስ ክሬግ የተነደፈ የመኖሪያ አደባባይ ነው። ክሬግ ከስድስት ዓመት በፊት «አዲሱ ከተማ» እየተባለ የሚጠራውን ሰፈር ፕላን ያወጣው ያው አርክቴክት ነው፤ ስሙ አዲስ ይባል እንጂ ሰፈሩ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለቅኔው ሮበርት በርንስ ከ1787 ወደ 1788 በተሻገረው ክረምት እግሩን ተጎድቶ ከቤት መውጣት ባቃተው ጊዜ፣ ዛሬም ድረስ የሚነበቡትን የፍቅር ደብዳቤዎቹን ይጽፍ የነበረው በዚህ አደባባይ ባረፈበት ቤት ውስጥ ነበር።

በእርግጥ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጋመስ አደባባዩ የበርንስ ዘመን አደባባይ አልነበረም። ቤቶቹ አርጅተው፣ በየክፍሉ ብዙ ቤተሰብ ተጨናንቆ ይኖርባቸው ስለ ነበር ባለሥልጣናቱ ሰፈሩን ለኑሮ የማይበቃ አድርገው ቆጠሩት፤ ሐሳባቸውም መሠረተ ቢስ አልነበረም። ነገር ግን ከማፍረስ በቀር መንገድ አልነበረም ማለት አይቻልም። በ1970፣ የሴንት ጄምስ ኮንክሪት ገና እየቆመ ሳለ፣ በዚያው ከተማ የጆርጂያን ዘመን ቤቶችን (ጆርጅ የተባሉት የብሪታንያ ነገሥታት በተከታታይ በገዙበት በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠሩትን) ስለ ማዳን ትልቅ ጉባኤ ተካሂዶ ነበርና፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ ተመሳሳይ ቤቶች ተጠግነው እስካሁን ሰው ይኖርባቸዋል። ሴንት ጄምስ የጠፋው ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ተራው ስለ ደረሰው ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የተጠላው ኮንክሪት ስለ ሆነ ነው።

ይህ ከሁሉም ይልቅ የሚደጋገም ነው፤ ማስረጃው ግን በዚያው ከተማ ውስጥ ይፈርሳል። በ1967 የተከፈተው የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ዋና ቤተ መጻሕፍት ንድፉን ያወጡት ሰር ቤዚል ስፔንስና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ የኮንክሪት በረንዳዎቹ ረጅም አግዳሚ መስመር ሠርተው የተዘረጉ፣ ፍጹም የዘመኑ ሕንጻ ነው። በ1970 የተከፈተው የሮያል ኮመንዌልዝ መዋኛም እንዲሁ። ሁለቱም ዛሬ በስኮትላንድ ሕግ በከፍተኛው ደረጃ፣ ማለትም በ«ኤ» ምድብ፣ በቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። የሚገርመው ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ የቆመው በጆርጅ አደባባይ ላይ የነበሩ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ቤቶች ፈርሰውለት መሆኑ ነው። ቤተ መጻሕፍቱም ሴንት ጄምስም ጥንታዊ ቤቶችን አፈናቅለው የተሠሩ ሆነው ሳለ፣ አንደኛው በሕግ የሚጠበቅ ቅርስ ሆነ፤ ሌላው በማሽን ፈረሰ። ልዩነቱን ያመጣው የግንባታው ዕቃ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

የሴንት ጄምስ ጥፋት ሌላ ነበር። አንደኛ፣ መጠኑና ቦታው ነው። ሕንጻው የተሠራው ከፍ ባለ መሬት ላይ በመሆኑ ከብዙ አቅጣጫ ይታያል፤ በተለይ ከኖርዝ ብሪጅ ድልድይ ወደ ሰሜን ለሚመጣ ሰው፣ ሮበርት አዳም የነደፈውና ግንባታው በ1774 የተጀመረው የሬጂስተር ሃውስ (የስኮትላንድ መዛግብት የሚቀመጡበት ሕንጻ) ጉልላት ከጀርባው በግራጫ ግድግዳ ተውጦ ይታይ ነበር። ሁለተኛ፣ መንገድ የሚያውቅ ሕንጻ አልነበረም። ሱቆቹ ፊታቸውን ወደ ውስጥ መልሰው፣ ለጎረቤት ጎዳናዎች የተዉት ጀርባቸውን ብቻ ነበር፤ ከቁልቁለቱ ከሊዝ ስትሪት በኩል ለሚሄድ እግረኛ ማዕከሉ በርና መስኮት የሌለው የምሽግ ግንብ ይመስል ነበር። ሦስተኛ፣ ከመሸ በኋላ የሚኖርበት ሰው አልነበረም። እነዚህ ሦስቱ ጉድለቶች በጥሩ የአሸዋ ድንጋይ ቢለበጡም አይወገዱም ነበር።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሰው የሚሸሸው፣ የሞተ ገበያ ነበር።

ሰዎች መልኩን ጠልተው ውስጡን ይገበዩበት ነበር። ከ1973 ጀምሮ እዚያ የኖረው የጆን ሉዊስ ትልቅ መደብር ብቻውን ብዙ ደንበኛ ይስብ ነበር፤ ሱቆቹም እስከ መዘጋቱ ዘመን ድረስ ሥራ አልፈቱም። ሥራ የፈታው ከላይ የነበረው ክፍል፣ ኒው ሴንት አንድሩስ ሃውስ የሚባለው የመንግሥት ቢሮ ነው። ሠራተኞቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሊዝ ወደብ አጠገብ ወደ ተሠራው ቪክቶሪያ ኪ ሲዛወሩ፣ አስቤስቶስ (ለጤና አደገኛ የሆነ የግንባታ ቃጫ) ያለበት ባዶ ሕንጻ ሆኖ ለዓመታት ቆየ። አልሚዎቹን የሳባቸው እንግዲህ የገበያው ድካም ሳይሆን የቦታው ጥንካሬ ነበር።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ከተማው የዓለም ቅርስ ስለ ሆነ ዩኔስኮ ማፍረስንም መሥራትንም ይከለክላል።

የኤድንብራ አሮጌና አዲስ ከተሞች በ1995 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ምዝገባው ክብርም ጫናም ያመጣል፤ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነፍገውም ግን የከተማው ምክር ቤት ነው፣ በአገሩ ሕግ። ዩኔስኮ ሊያስጠነቅቅ ይችላል፤ የመጨረሻው በትሩ ስሙን ከመዝገቡ መፋቅ ነው። ይህም ባዶ ዛቻ አይደለም፦ ድሬስደን በኤልብ ወንዝ ላይ ባሠራችው ድልድይ የተነሣ በ2009 ተሠርዛለች፤ ሊቨርፑልም በወደቧ ግንባታዎች ምክንያት በጁላይ 2021፣ ሴንት ጄምስ ኳርተር ከተከፈተ ከአንድ ወር በኋላ፣ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባታል። በሁለቱም ከተሞች ግን ግንባታው አልቆመም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ አዲሱ ማዕከል የተሠራው በግል ባለሀብት ገንዘብ ብቻ ነው።

ወደ 1 ቢሊዮን ፓውንድ የሚገመተው ወጪ በአመዛኙ የግል እንደ ነበር እውነት ነው፤ ከጀርባውም የጡረታ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ተቋማት፣ በተለይ የኔዘርላንዱ ኤፒጂ፣ ነበሩበት። (የሆላንድ መምህር የጡረታ መዋጮ በኤድንብራ የልብስ ሱቅ ሆኖ ማየት ለእኔ የዘመናችን ትንሽ አስገራሚ ነገር ነው።) ነገር ግን የከተማው ምክር ቤት ለሕዝብ ጥቅም በሚል ይዞታዎችን በግዴታ የመግዛት ሥልጣኑን ተጠቅሟል፤ በዙሪያው ላሉት መንገዶችና ለሌሎች የሕዝብ ሥራዎች ደግሞ የስኮትላንድ መንግሥት እስከ 61.4 ሚሊዮን ፓውንድ ለማቅረብ ተስማምቷል። አሠራሩ ብልሃት ያለበት ነው፦ ምክር ቤቱ አስቀድሞ ተበድሮ ይሠራል፤ መንግሥት ደግሞ በሥራ ዕድልና በመሳሰሉት የታቀደው ውጤት መገኘቱን እያየ በረጅም ዓመታት ውስጥ ይከፍላል። ውጤቱ ካልመጣ ዕዳው ከከተማው ጋር ይቀራል ማለት ነው፤ ስለዚህ ነዋሪው የአደጋው ተካፋይ ነበር።

የተሳሳተ አመለካከት፦ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ፈርሷል።

አልፈረሰም። የጆን ሉዊስ ሕንጻ በቦታው ቀርቶ፣ ውጫዊ ገጹ ታድሶ፣ ከአዲሱ ጋር ተያይዟል፤ ግንባታው ሲካሄድም መደብሩ ክፍት ነበር። ይህ ሊታለፍ የማይገባ ነጥብ ነው፤ ሲሚንቶና ብረት ሲመረቱ የወጣው ካርበን ሕንጻው ሲፈርስ ይባክናል፣ ለምትኩም ሌላ ካርበን ይወጣል። አንዱን ክፍል ማቆየት ከተቻለ፣ ሌላውን ስለ ማቆየት ምን ያህል ታስቧል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የእኔ ግምት፣ አስቤስቶስ የበዛበትን ቢሮ ለማዳን መሞከር በጣም አስቸጋሪ ይሆን ነበር የሚል ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የጠፋው አደባባይ ተመልሷል።

በአዲሱ ሠፈር ውስጥ ሴንት ጄምስ አደባባይ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ ተመልሷል፤ ቦታው ግን ክሬግ እንደ ነደፈው በመኖሪያ ቤቶች የተከበበ የከተማ አደባባይ ሳይሆን፣ በኩባንያ የሚተዳደር የንግድ ሠፈር አካል ነው። በሌላ በኩል ከ150 በላይ አፓርታማዎች ስለ ተሠሩ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሰው ያላደረበት መሬት እንደገና ነዋሪ አግኝቷል፤ ምንም እንኳ ድሮ ከዚያ ወደ ከተማው ዳር የተነሡት ድሆች ሊከራዩት የሚችሉት ዓይነት ባይሆንም። የሱቆቹ ዋና መተላለፊያም ጠምዘዝ ብሎ የተዘረጋ፣ ከላይ መስተዋት የተሸፈነ፣ ጫፉ ወደ ጎዳና የሚከፈት በመሆኑ፣ ከቀድሞው ምሽግ ጋር ሲነጻጸር እግረኛን አሳልፎ የሚያስገባ ነው። እዚህ ላይ ያለ ማመንታት ተሻሽሏል እላለሁ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ከተማው በመጨረሻ የሚወደውን ሕንጻ አግኝቷል።

በማዕከሉ መሐል የቆመው፣ በ2023 የተከፈተው ደብልዩ ሆቴል፣ ነሐስ በሚመስል ብረት የተጠቀለለ ሪባን እንዲመስል ታስቦ ተነድፏል። የቅርስ ተከራካሪዎች ተቃውመውት ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን በ2015 ፈቀደው። ሕዝቡም የራሱን ስም አወጣለት፤ ጨዋ ሆኜ ብጽፈው «ወርቃማው ዓይነ ምድር» ይባላል፣ በከተማው አነጋገር ግን ከዚህ የከፋ ነው። የሚወዱትም አሉ፤ ሰገነቱ ላይ ወጥተው ከተማውን የሚያዩ ሁሉ እይታውን ያደንቃሉ፣ አንድም ከዚያ ላይ ሆነው ሕንጻውን ራሱን ስለማያዩት ይሆናል። ዛሬ ከኖርዝ ብሪጅ ወደ ሰሜን የሚመጣ መንገደኛ የአዳምን ጉልላት ከግራጫው ግድግዳ ነፃ ወጥቶ ያገኘዋል፤ ከጀርባው ግን ያ የተጠቀለለ ብረት አናቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ብቅ ይላል።