በየቀኑ የሚከፈልበት ሶላር፦ ሳይከፈል ሲቀር ምን ይሆናል?

ኬንያ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰላቸው ብዙ ቤተሰቦች ሶላር የሚገዙት ቅድመ ክፍያ ሰጥተው፣ ቀሪውን በኤምፔሳ (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ጥቂት በጥቂት እየላኩ ነው። ክፍያው የመብራት ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ግን የዕቃው ዕዳ ነው።

ለምሳሌ ቅድመ ክፍያው 3,000 ሽልንግ፣ የቀኑ 50፣ ጊዜው 365 ቀን ቢሆን ጠቅላላው 21,250 ይመጣል። ያው ዕቃ በእጅ በእጅ 15,000 የሚሸጥ ከሆነ ልዩነቱ 6,250 ነው። ውሉ ላይ ወለድ ተብሎ ባይጻፍም ወለድ ነው። ስለዚህ «በቀን 50 ብቻ» ሲባሉ ጠቅላላውን ይጠይቁ።

የተከፈለበት ቀን ሲያልቅ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ይቆለፋል። መቆለፊያው ሳጥኑ ውስጥ ስለሆነ ፓነል መቀየር አይከፍተውም። በተለመደው ውል የተዘለለው ቀን አይሰረዝም፤ የዕዳውን ማብቂያ ይገፋዋል እንጂ። ከፍለው ካልበራ መጀመሪያ የከፈሉበትን የመለያ ቁጥር ከሳጥኑ ቁጥር ጋር ያመሳክሩ፤ ሲከፍሉ የሚላከው የመክፈቻ ኮድ የሚሠራው ለአንድ ሳጥን ብቻ ነው።

ብዙዎቹ ሳጥኖች ተቆልፈውም ባትሪ ይሞላሉ። ተናዶ ፓነሉን ከጣሪያ ማውረድ ጉዳቱ ለራሱ ለገዢው ነው፤ ለወራት ያልተሞላ ባትሪ ሊሞት ይችላል። ዋስትናው ከክፍያው ጊዜ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ለማይሠራ ባትሪ መክፈል ይመጣል፤ ሳይፈርሙ በፊት ሁለቱን ቀኖች ያስተያዩ።